መስታወት ውስጥ ሊጻፍ የነበረ ስም

የማህሌትን ሥራ ለደብረ ታቦር ጎረቤት ማስረዳት ቀላል አይደለም። ጀርመን አገር፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በሌዘር ብርሃን መስታወት ውስጥ ትጽፋለች። ላዩ ላይ አይደለም፣ ሆዱ ውስጥ ነው። ብርሃኑ የሚያርፈው ከቅጽበት እጅግ ላነሰ ጊዜ ስለሆነ መስታወቱ ለመጋልና ለመሰንጠቅ እንኳ ፋታ አያገኝም። የተጻፈውን ውሃ አያጥበው፣ ጥፍር አይፍቀው።

ያን ክረምት እናቷን ወይዘሮ ፈንታነሽን ልታስታምም መጥታ ነበር። አንድ ቀን ከአልጋው ጎን ተቀምጣ በኮምፒውተሯ የሙከራውን ምስሎች ስትመረምር፣ እናቷ ምን እንደሆነ ጠየቋት። ነገረቻቸው። ሳቅ አሉና፣ እንግዲያስ የእኔንም ስም ጻፊልኝ፣ የክርስትና ስሜን፣ ብለው ስሙን ነገሯት። ማህሌት ዓይኗን ከምስሉ ሳትነቅል «እሺ እማዬ» አለች። የተማረ ሰው እሺ ሲል ደግሞ የሰማ ይመስላል።

በሳምንቱ አረፉ። አስከሬናቸው ጉና ሥር ወዳለው ደብራቸው ተወሰደ። ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል ቄስ ሚልኪያስ የክርስትና ስማቸውን ጠየቁ፤ ሟች በጸሎት የሚጠራው በዚያ ነውና። የነፍስ አባታቸውም ባላቸውም ቀድመዋቸው ሞተዋል። ወይዘሮ ፈንታነሽ በትዳር ከሩቅ የመጡ ስለሆኑ ክርስትና ሲነሡ ያየ ሰው በአገሩ የለም። የባላቸው ወንድም ጋሼ ይሻው ወደ ማህሌት ዞር አሉ።

«መቼም ላንቺ ሳትነግርሽ አልቀረችም።»

ነግረዋታል። «ወለተ» ብሎ ይጀምራል፤ የስንቷ ሴት ስም እንደዚያ ይጀምራል! ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። የእናቷን ሳቅ ታስታውሳለች፣ ያን ዕለት ያየችውን ምስል ከነጭረቱ ታስታውሳለች፣ ስሙን አታስታውስም። እንዲህ ያለ ልጅ ከመውለድ ድንጋይ መውለድ ይሻላል ብላ ራሷን ረገመች።

«ነግራኝ ነበር አባ» አለች። «አልሰማኋትም።»

ቄስ ሚልኪያስ አልተቆጧትም። የራሷን የክርስትና ስም ጠየቋት።

«ወለተ ሥላሴ።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ አስከሬኑ ተመለሱ። ጸሎቱ ተጀመረ። ስም ከሚጠራበት ሲደርሱ ግዕዙን ገታ አድርገው፣ ለቀስተኛው ሁሉ በሚሰማው አማርኛ «የወለተ ሥላሴን እናት ነፍስ ማርልን» አሉ።

እስከ ፍትሐቱ ፍጻሜ ድረስ ወይዘሮ ፈንታነሽ የተጠሩት ባልሰማቻቸው ልጃቸው ስም ነበር።