የሳሳው ሐይቅ

«ዛሬውኑ ሸፍንልኝ ልጄ፤ ነገ ሠልስት ነው፣ ሰው ይበዛል» አለች ፈለቀች ከፍራሹ ሳትነሳ።

የሟች ባሏ የሠዓሊው ገብረእዝጊ ተማሪ የነበረው ቃልአብ የቀለም ሣጥኑን ይዞ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የሐይቅ ሥዕል ተጠጋ። ውሃው መሐል ሁለት ዓይኖችና አንድ ጉንጭ ብቅ ብለዋል። ትናንት አንዲት ለቀስተኛ አይታ «ማርያም ናት እንዴ?» ብላ አማተበች። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ካለ በኋላ አንገቱን የሚያሰግገው ወደ ግድግዳው ነው።

ማርያም አይደለችም። የፈለቀች ልጅ ዊንታ ናት።

ፈለቀች ሁልጊዜ ለሥዕሉ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር የምትቀመጠው። ሴቶቹ ግን ሳያውቁ የሐዘንተኛ ፍራሿን ፊት ለፊቱ አነጠፉላት። ቦታ ለውጡልኝ ብትል ለምን ሊሏት ነው፤ ሐዘንተኛ ደግሞ እንዳሻው ተነስቶ አይሄድም። ሁለት ቀን ሙሉ እንደ እስረኛ ከልጇ ዓይኖች ጋር ተፋጥጣ ዋለች።

ዊንታ በሰባት ዓመቷ በትኩሳት የሞተች ጊዜ፣ አባቷ የሳላትን ሥዕል «አጥፋልኝ፤ እያየችኝ መኖር አልችልም» ያለችው ራሷ ናት። ገብረእዝጊ «እሺ» አለና በልጅቷ ፊት ላይ ሐይቅ ሳለበት። አሥራ ስምንት ዓመት ያንን እሺታውን ይቅር አላለችውም። እጁ እንዴት ታዘዘለት? አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሲደርሳቸው ሶፋውን ለጎረቤት ትቶ ሥዕሉን በጀርባው አራተኛ ፎቅ ድረስ ሲያወጣ፣ ዘወር ብላም አላየችው።

ቃልአብ የሥዕሉን ጠርዝ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ጠጋ ብሎ መረመረው።

«ምነው?»

«እትዬ፣ ጋሼ ሥዕል ላይ ሥዕል ስንሠራ መጀመሪያ ነጭ ካልቀባን ይቆጡን ነበር። ነጭ ከሌለው የላዩ ቀለም ሲያረጅ ይሳሳል፣ የታችኛው ይወጣል።»

«እና?»

«እዚህ ላይ ነጭ አልቀቡም። እሳቸው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይረሱም።»

ሁለት ቀን ያለቀሰችው ለወጉ ያህል ነበር። አሁን ገና ባሏ የሞተባት መሰላት።

ቃልአብ የነጩን ቀለም ክዳን ከፍቶ ይጠብቃል። «ልሸፍነው?»

ፈለቀች ጉልበቷን ይዛ ከፍራሹ ተነሳች። የዘቀዘቀችውን ነጠላ ጫፍ በምራቋ አራሰችና፣ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ይዛ ልትወጣ እንደምትቻኮል እናት፣ የዊንታን ጉንጭ ጠረገችላት።