ሲሲ የሌላት መኪና

ሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት፣ ሰንጋ ተራ ባለው የቀረጥ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ መስኮት ፊት ሦስት ሰዎች ቆመው ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት ላዳ ታክሲ የነዳው አብዱልከሪም፣ ልጁ ሀዲያ፣ እና ላዳውን ከሁለት ሳምንት በፊት የገዛው ጓደኛው ሙለታ። ከመስኮቱ ወዲያ ሠርካዲስ የምትባል ሠራተኛ ተቀምጣለች።

አብዱልከሪም ላዳውን የሸጠው ማስታወቂያ አምኖ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ታክሲ ለሚገዛ ሰው ቀረጡ ይነሳለታል ይላል ማስታወቂያው። የላዳው ዋጋና የዕቁቡ ብር ተደምሮ ለአንዲት ትንሽ መኪና በቃ። መኪናዋም ቃሊቲ የጉምሩክ መጋዘን ገብታለች። የቀረው ከቀረጥ ነፃ የሚል አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ደብዳቤው ካልተሰጠው ቀረጡ በእሱ ላይ ነው። ቀረጡ ደግሞ የመኪናዋን ዋጋ ያህላል፤ ሌላ የሚሸጠው ነገር የለውም።

ሠርካዲስ ፎርሙን መሙላት ጀመረች። ስም አለች፤ ነገራት። የመንጃ ፈቃድ ቁጥር አለች፤ ነገራት። ከዚያም ቀና ሳትል፣

"ሲሲ?"

"አንድ ሺህ ሁለት መቶ" አለ አብዱልከሪም።

በየዓመቱ ቦሎ ሊያሳድስ ሲሄድ ሲጠየቅ የኖረው፣ ሲመልስ የኖረው ይህንኑ የሞተር መጠን ነው። ሳያስበው አመለጠው። ሀዲያ ክንዱን ያዘችው።

"አባዬ፣ እሱ እኮ የላዳው ነው።"

ሠርካዲስ ግን መዝግባ ጨርሳለች።

"ተሳስቼ ነው ልጄ፣ ሰርዢው" አላት አብዱልከሪም ሠርካዲስን። " ይቺኛዋ ሲሲ የላትም። ነዳጅ አትቀምስም፤ በባትሪ ነው የምትሄደው።"

"ሲሲ የሌለው መኪና አለ እንዴ አባባ?"

"ማስታወቂያው የወጣው ለእንዲህ ዓይነቷ አይደለም እንዴ?"

"ማስታወቂያውን እኔ አልለጠፍኩትም። ፎርሙ ሲሲ ይጠይቃል። ባዶ ከተውኩት ኮምፒውተሩ አያሳልፈኝም። አሁን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብለዋል፤ ስለዚህ የቤንዚን መኪና ነው። የቤንዚን መኪና ቀረጡ አይነሳለትም።"

"አብዱ" አለ ሙለታ ከኋላ፣ "ሦስት ሺህ ብትላት ኖሮ እኮ የሚኒስትር መኪና ይሰጡህ ነበር።"

አብዱልከሪም አልሳቀም። በራሱ ምላስ ተናዷል፤ ከምላሱ ይልቅ ግን በፎርሙ። ቤንዚን ለማይጠጣ መኪና ብለው አዋጅ ሲያወጡ፣ እንዴት አንድ ሰው ይህቺን ወረቀት ገልጦ አላየም?

ማመልከቻ አስገባ ተባለ፤ አስገባ። ከሳምንት በኋላ አንድ መርማሪ መጋዘን ድረስ ሄደ። የፊት ክዳኗን ከፈተ፣ ዞራት፣ ከሥሯ ተኝቶ አየ፣ ከዚያ ጻፈ። አብዱልከሪም አጠገቡ ቆሞ ስለነበር ልቡ አረፈ። በዓይኑ ያየ ሰው ተገኘ ብሎ አሰበ።

ሐሙስ መጋቢት 19 ከሀዲያ ጋር ተመልሶ ሲመጣ ሠርካዲስ ሪፖርቱን አነበበችለት።

"በፎርሙ ላይ የተመዘገበው ባለ 1200 ሲሲ ሞተር በተሽከርካሪው ውስጥ አልተገኘም።"

"ይኸው" አለ ደስ ብሎት። "እኔስ ምን አልኩሽ?"

"አይ፣ ይሄማ ሌላ ነገር ነው። የተመዘገበ ሞተር ሲጠፋ የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አባባ፣ ልረዳዎት ፈልጌ ነው። ሞተሩ ተሰርቆብኛል ብለው ቃል ይስጡና ወረቀቱን ያምጡልኝ። ሲሲውን በእሱ አሰርዛለሁ፤ ደብዳቤዎም በሳምንቱ ይወጣል።"

"መኪናዋ ያለችው የት ነው?" አላት።

"መጋዘን።"

"ቁልፉስ በማን እጅ ነው?"

"በዘበኛው።"

"ፖሊሱ ማንን ትጠረጥራለህ ቢለኝ የማንን ስም ልስጥ?"

ሠርካዲስ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

"አባዬ፣ ቃልህን ስጥ" አለች ሀዲያ በሹክሹክታ። "ማንም አይታሰርም። ለወጉ ነው።"

አብዱልከሪም ዘበኛውን አስታወሰው። መርማሪው እስኪመጣ ድረስ ወንበሩን ለቆለት ራሱ ቆሞ የዋለ፣ ካፖርቱ የነተበ ሰው ነው።

"ላዳዬን አሸጣችሁኝ" አለ። አልጮኸም። "ለጥፋችሁ ጠራችሁኝ፣ መጣሁ። ተሳሳትኩ፣ ተሳሳትኩ አልኳችሁ። መርማሪያችሁ በገዛ ዓይኑ አየ። እናንተ ወረቀታችሁን እንዳታርሙ እኔ ሰው ሌባ ልበል? ያልነበረ ሞተር አልተሰረቀብኝም።"

"እንግዲያው ቀረጡን ይከፍላሉ" አለች ሠርካዲስ።

ሪፖርቱን በመስታወቱ ሥር ወደ እሷ ገፋውና ደረጃውን ወረደ። ሀዲያ እያለቀሰች ተከተለችው።

መኪናዋ እዚያው መጋዘን ቀረች። አብዱልከሪም የሸጠውን ላዳ በማግስቱ ከሙለታ በቀን ተከራይቶ ልደታ ማርያም በር ላይ ተራ ያዘ።