የማይጮኸው መቀርቀሪያ

የግቢው በር መቀርቀሪያ ሲጢጥ ባለ ቁጥር በያጁ ቀና ይላል። ሰው ሲገባ ቀና፣ ሰው ሲወጣ ቀና። ልጁ እንደማትገባ ጠፍቶት አይደለም፤ በገዛ እጁ አፈር አልብሷታል። ጆሮው ግን ቀብር አልሄደም።

«ይሄን ነገር ግራሶ የሚቀባው ሰው ጠፋ?» አለ የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ ከጎረቤት በተዋሱት ወንበር ላይ እየተመቻቸ። «ሰው ለሐዘን ተቀምጧል፣ እሱ ሊታረድ እንደሚጎተት ፍየል ይጮሃል።»

«ተወው» አለ በያጁ።

«በያጅ ቤት እንዲህ ያለ በር ነውር አይደለም እንዴ?»

«ተወው አልኩህ።»

ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። «ተወው» ሲል ቀና ብላ አየችው፤ ወዲያው ዓይኗን ወደ ሻይ ብርጭቆዋ መለሰች። ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ባልና ሚስቱ ከቀብሩ ወዲህ ብዙ ተነጋግረዋል፤ ስለ ወንበር፣ ስለ ስኳር፣ ስለ መጣውና ስለ ቀረው ሰው። ስለዚያ ስለ አንዱ ነገር ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ሆድ ይፍጀው ብለው ይዘውታል፤ እየፈጃቸውም ነው።

በመስኮቱ በኩል ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ።

«ነክሷት ነው?»

«ገፍቷት ነው አሉ። ከሲሚንቶው ጋር…»

«ውይ። የተማረች ልጅ፣ ስንት ሥራ ሞልቶ ዝንጀሮ ታጥባለች?»

«ዝንጀሮ አይደለም፣ ቺምፓንዚ ነው።»

«ያው ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የበያጁ ጆሮ ግን ዕድሜ ልኩን መዶሻ ሲደበድበው ኖሮ፣ ዛሬ ሹክሹክታ አያመልጠውም። ሁሉንም ሰማ፤ የሚፈራውን ግን አልሰማም። እስካሁን የቺምፓንዚውን በር ነገር ያነሳ ሰው የለም።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ትሠራበት የነበረው የቺምፓንዚ መጠለያ ሐኪም ትመጣለች። ጠዋት ደውላ ነበር። ልጃቸውን የገደለው ሽማግሌ ቺምፓንዚ አሁንም በሕይወት አለ፤ ይገደል ወይስ ይኑር የሚለውን መጠለያው የወላጆቿን ቃል ሳይሰማ መወሰን አልፈለገም። ወንድምየው ይህን ከሰማ ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም።

«ይሄ ደግሞ ቃል የሚጠየቅበት ነገር ነው? አንድ ጥይት ነው። እኛ ልጃችንን ቀብረን እሱ ሙዙን ይልጣል?»

ለቀስተኛው ሁሉ ልክ ነህ በሚል ራሱን ነቀነቀ። አባትና እናት ግን አልነቀነቁም።

*

«ያው አይደለም» ትል ነበር ልጅቷ። ቺምፓንዚን ዝንጀሮ ያለባትን ሰው ሁሉ ሳታርም አትለቅም፤ በዚህ የተነሳ ሁለት ሠርግ ላይ ተጣልታለች።

መጠለያው ከከተማው ጫፍ ነው። ከነጋዴ የተወረሱ፣ ከሆቴል ግቢ የተፈቱ፣ ሰው ቤት የሕፃን ልብስ ለብሰው አድገው መናከስ ሲጀምሩ የተጣሉ ቺምፓንዚዎች ይኖሩበታል። ጠዋት ወደ ሜዳው ታወጣቸውና የሌሊት ክፍላቸውን በሳሙና ትፈትጋለች፤ ከዚያ ፍራፍሬና ድንች ትከትፋለች። እናታቸው የተገደለችባቸውን ግልገሎች ደረቷ ላይ ለጥፋ በጡጦ ታጠባለች። ጉንፋን የያዛት ቀን አጠገባቸው አትደርስም፤ የሰው ጉንፋን እነሱን ይገድላል። አመሻሽ ላይ ለያንዳንዳቸው ብርድ ልብስ አድላ፣ በር ቆልፋ፣ የመንገዱ መብራት ሲበራ ቤቷ ትደርሳለች። መቀርቀሪያው ሲጢጥ ይላል። እናቷ ከውስጥ ሆና ፊቷን እንኳ ሳታይ «ጫማሽን እዚያው» ትላለች። የሰላምታቸው መጀመሪያ ይህ ነበር።

ከሁሉ የምታወራው ስለ አንዱ ነው። ሠራተኞቹ ጋሼ ይሉታል። መጠለያው የገባ ዕለት እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ፣ ሽበቱን እያከከ፣ ለዋስትና እንደተጠራ ሽማግሌ አንድ በአንድ ቢያያቸው ጊዜ «አንተ» ለማለት ድፍረት ያገኘ ሰው ጠፋ። የቁርጥማት ኪኒን በሙዝ ውስጥ ደብቀው ሲሰጡት ሙዙን በልቶ፣ ኪኒኑን ከከንፈሩ ለቅሞ፣ መዳፏ ላይ መልሶ ያስቀምጥላታል።

«እኔን አባዬ፣ እሱን ጋሼ» ይል ነበር በያጁ። «ማን እንደሚከበር ገባኝ።»

«እሱ መድኃኒቱን ይመልሳል እንጂ እንዳንተ ከፍራሽ ሥር አይደብቅም።»

ጋሼ ግን የሚስቅ ነገር ብቻ አልነበረም። ዕድሜውን የጨረሰው በአንድ ሆቴል ጓሮ፣ ብረት ፍርግርግ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ ነው። ጠጪዎች ቢራ ያጠጡታል፣ ሲጋራ ያስጨሱታል። ጠባቂው ወደ ሰው ሊያወጣው ሲል የፍርግርጉን ብረት በዱላ ይመታል፤ ከብረቱ ቀጥሎ እሱን ይመታል። መጠለያ ከገባ በኋላ ማንም እጁን አላነሳበትም። ሆኖም ብረት ከብረት ጋር በተጋጨ ቁጥር ጆሮውን ይዞ ሽንቱን ይለቃል፤ ያን ጊዜ አጠገቡ የተገኘውን ሁሉ ይማታል። የሌሊት ክፍሉ መቀርቀሪያ ደግሞ በቀን ሁለቴ ይጋጫል፣ ሲከፈትና ሲዘጋ።

የመጠለያውን በሮች የሠራው በያጁ ነው። አንድ ቀን ልጁ የዚያን ክፍል መቀርቀሪያ አስፈትታ በፌስታል ጠቅልላ ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ድምፁን አጥፋልኝ።»

አገላብጦ አየው። የራሱ ሥራ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ ማረፊያው ውስጥ ሲወድቅ ነው የሚጮኸው። ችግሩ፣ የሚጮኸውም የሚይዘውም ያው ጥርስ ነው።

«ይሄን ከሞረድኩት በሩ ሲነቀነቅ ሊንሸራተት ይችላል» አላት።

«ጓጉንቸር አለው እኮ። በየቀኑ እቆልፋለሁ።»

«ብትረሺስ?»

«አልረሳም። አባዬ፣ ጋሼ ሁልጊዜ ማታ ይሸናል። ማታ ማታ ያፍራል። ስዘጋበት ዓይኔን አያየኝም።»

ዓይኔን አያየኝም ስትል አንጀቱን በላችው። ሞረዱን አምጥቶ እዚያው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጥርሱን እስኪጠፋ ሞረደው፤ ግራሶ ቀባው፤ በጣቱ ገፋ ሲያደርገው እንደ ቅቤ ሄደ። ሚስቱ «ጠረጴዛዬን ጋራዥ አደረጋችሁት» እያለች የብረቱን ብናኝ በመዳፏ ጠርጋ ጣለች። ልጅቷ መቀርቀሪያውን ወዲያ ወዲህ እየገፋች ሳቀች።

«የግቢያችንንም እንዲህ አድርገው። ሰፈሩ ሁሉ መግባት መውጣቴን ያውቃል።»

«የኛን አልነካም።»

«ለምን?»

«መግባትሽን በምን ልወቅ?»

*

ከምሳ በኋላ በያጁን «ትንሽ ጋደም በል» ብለው ወደ ውስጥ አስገቡት። እንቅልፍ አልወሰደውም። ጣሪያውን ሲያይ ቆይቶ ተመልሶ መጣና ቦታው ተቀመጠ። ለቀስተኛው ሳስቷል። ወንድምየው እጁን በጨርቅ ይጠርጋል።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላው።

በያጁ ብድግ ሲል ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ። የመጠለያዋ ሐኪም ሳሎኑ መሐል ቆማለች። እጇ ላይ ፌስታል ይዛለች፤ በአፉ የልጁ የላስቲክ ቦቲ ይታያል።

«መቼ ገባሽ?»

«አሁን። በሩን ከፍቼ… ይቅርታ አባባ፣ ማንኳኳት ነበረብኝ። አስደነገጥኩዎት።»

«አያችሁ?» አለ ወንድምየው፣ የግራሶውን ጣሳ ከወንበሩ ሥር እያሳየ። «ጠብታ ግራሶ ነው የፈለገው። አሁን ኮሽ አይልም።»

ክፋት አልነበረበትም። ሐዘን ቤት እጁን የሚያሳርፍበት ያጣ ሰው ነው፤ የተገኘውን ሠራ። በያጁ ግን መልሶ ተቀመጠ። ወደ ሚስቱ ዞረ። ቀድማ ታየው ነበር፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ሰው ከኋላ መጥቶ እስኪቆም ድረስ አለመስማት ምን እንደሆነ አሁን ሁለቱም በሰውነታቸው አወቁት።

«ሰምታዋለች?» አለ።

ሐኪሟ ፌስታሉን እንደያዘች ግራ ተጋባች። «ምኑን?»

«በሩ ሲከፈት። ልጄ ሰምታለች ወይ?»

ሐኪሟ በተሰጣት ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስትናገር ወደ እናትየው ነበር የምታየው።

«ካሜራ ስላለ አይተነዋል። ብርድ ልብሱን እያጠፈችለት ነበር፣ ጀርባዋን ሰጥታ። ብርድ ልብሱን ሳትሰጠው አትቆልፍም፤ ጓጉንቸሩ ሽቦው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ጋሼ እንደ ሁልጊዜው መጥቶ በሩን ተደገፈው። መቀርቀሪያው ተንሸራትቶ ሄደ። እሷ ቀና አላለችም። ወጥቶ አጠገቧ እስኪደርስ አላወቀችም። እጁን ዘርግቷል፤ ብርድ ልብሱን ፈልጎ ይመስለኛል። ትከሻዋን ሲነካት ደንግጣ ዞረች፣ ባልዲውን በእግሯ መታችው። የብረት ባልዲ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አይጠይቁኝ።»

እናትየው ድምፅ አወጣች።

«እሱስ?»

«ተመልሶ ገባ። በሩን ከውስጥ ስቦ፣ ይዞት ነው ያገኘነው። እስከ ዛሬ እህል አልቀመሰም።»

«ደግ አደረገ» አለ ወንድምየው። «ቃላችን ይገደል ነው። ንገሪያቸው።»

ሐኪሟ ወደ በያጁ ዞረች። በያጁ የገዛ እጁን ያያል። እሺ ቢል ይበቃ ነበር። ጥፋቱ ሁሉ ከእንስሳው ጋር ይቀበራል፤ ለቀስተኛውም እያዘነለት ይኖራል።

«አይገደልም» አለ።

«ምን አልክ?»

«ያ መቀርቀሪያ ጥርስ ነበረው። ሞርጄ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ድምፅ ቢኖረው ኖሮ ልጄ ትሰማው ነበር።»

ወንድምየው አፉን ከፈተ፤ ግን ቀድማ የተናገረችው እህቱ ናት።

«ብናኙን የጠረግሁት እኔ ነኝ» አለች፣ ከፍራሹ ላይ ሳትነሳ።

በመስኮቱ በኩል ያሉት ጎረቤቶች አንገታቸውን ደፉ። ወንድምየው ግራሶ የነካ ጣቱን አየ፤ ጣሳውን አየ፤ ኮቱን አነሳና ወጣ። ሲወጣ በሩ አልተሰማም።

«አባባ» አለች ሐኪሟ በለሆሳስ፣ «በሩ ዝም ሲል እኛም ደስ ብሎን ነበር። ሁላችንም።»

«አዲስ እሠራለሁ። ጥርስ ያለው።»

«ከእንግዲህ ማንም አጠገቡ አይገባም። ሁለት በር ባለው ክፍል ብቻውን ነው የሚኖረው። ድምፁን ግን… በየቀኑ ይፈራል።»

«ይፍራ።»

ጠልቶታል። ይኑር ያለው ወዶት አልነበረም። ያ ሽማግሌ ጆሮውን ይዞ ጥግ ላይ ሲኮራመት ታየውና ደስ አለው፤ ወዲያው ልጁ ያንኑ ስታይ ምን እንደሚሰማት አሰበና ደስታው ተበላሸ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ሐኪሟ ቦቲውን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

*

ሊመሽ ሲል ሰው ሁሉ ወጣ። የትኛው መቼ እንደወጣ በያጁ አላወቀም። ተቀምጦ ጠበቀ፤ ምን እንደሚጠብቅ ሳይገባው። የመንገዱ መብራት በራ። ግቢው ጭጭ አለ። ያን ጊዜ ነው ፀጥታውን መቻል ያቃተው።

ጨርቅ ላምባ ውስጥ ነክሮ ወጣ። መቀርቀሪያውን ፈትጎ ፈትጎ ግራሶውን አነሳ። ከአጥሩ ሥር እፍኝ ደረቅ አፈር ዘግኖ በብረቱ ዙሪያ አሸ። ወዲያ ገፋው፣ ወዲህ ሳበው። መጀመሪያ ሻ ሻ ብቻ አለ። አርባ ዓመት ብረት ሲያለሰልስ የኖረ እጅ፣ አሁን ለማሻከር ታገለ። ላብ ፊቱን አጠበው። አንዴ በኃይል ሲስበው መቀርቀሪያው ሲጢጥ ብሎ፣ ረጅም አድርጎ፣ እንደ ዱሮው ጮኸ።

«ጫማሽን እዚያው» አለች ሚስቱ ከውስጥ።

በያጁ እጁ ብረቱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ከዚያ በሩን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ከፍራሹ ግማሽ ድረስ ተነስታ፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ ሌላውን አፏ ላይ ጭና ወደ ደጃፉ ታያለች። ያለችውን ሰምታዋለች። መልሳ ልትውጠው አልቻለችም።

ደጃፉ ላይ ቆመ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፤ አንዱን አወለቀ፣ ሌላውንም አወለቀ። ከቦቲው ጎን አስቀመጣቸውና በካልሲው ገባ።