አንድ ቁጥር ዝቅ

በዚያ ሰሞን የመኪና አስተማሪዋን ያንገሸገሿት ተማሪዎቿ አልነበሩም። እነሱንማ ለምዳቸዋለች። ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ማርሽ ለማስገባት ሲታገሉ፣ ቀኝ ሲባሉ ወደ ግራ ሲታጠፉ፣ እሷ በእሷ በኩል ካለው ፍሬን ላይ እግሯን ሳታነሣ "ቀስ፣ ቀስ" ትላለች። ከዚህ የተነሣ እርስ በርሳቸው "ፍሬኗ" እያሉ ነው የሚጠሯት። ያንገሸገሻት የገዛ ደረቷ ነው።

ጡቷን በሲሊኮን ያስተለቀችው ሁለተኛ ልጇን ጡት ካስጣለች በኋላ ነበር። ማንም አላስገደዳትም። መስታወት ፊት በቆመች ቁጥር አየሩ የወጣ ፊኛ የመሰለውን ነገር እያየች ታዝን ነበርና፣ አውጥታ አውርዳ ገባችበት። የፈለገችው ግን ቀድሞ የነበራትን ያህል ብቻ ነበር። የዚያን ጊዜው ሐኪም አፈ ቅቤ ነው። "ትንሽ ያስገቡ ሁሉ፣ ምነው ጨመር ባደረግሁ እያሉ ነው የሚመለሱት። እዚህ ድረስ ከመጣሽ አይቀር አንድ ቁጥር ከፍ እናድርገው" አላት። ይህን ያላት የቀዶ ሕክምናውን ልብስ አልብሰው፣ ጸጉሯን በፕላስቲክ ቆብ ሸፍነው፣ አልጋው ላይ ካጋደሟት በኋላ ነው። እግሯ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ምን ብላ ትከራከር። "እሺ" አለች። ያቺ እሺ ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጣ አልወርድም ብላለች።

ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ስትውል ወገቧ ይቆረጣል። የጡት መያዣው ማንገቻ ትከሻዋን ይበላታል። ሸሚዝ ስትገዛ ደረቱ ላይ ልክ የመጣው ወገቡ ላይ ጆንያ ይሆናል፤ ወገቡ ላይ ልክ የመጣው ደረቱ አልቆለፍ ይላል። በሆዷ መተኛት ከተወች ቆይታለች። ሰው ደግሞ አለ። አንድ ባንክ ቤት የሚሠራ ተማሪዋ ባወራ ቁጥር ዓይኑ ከአንገቷ በታች ያርፍ ነበር።

"መንገዱ ፊት ለፊትህ ነው" አለችው አንድ ቀን።

"እያየሁ ነው እኮ።"

"የምታየውንማ እኔም አይቻለሁ።"

ልጁ ደንግጦ መሪውን ሲያጥፍ መንገዱ ጠርዝ ላይ የነበረ የቆሻሻ በርሜል ጨፍልቆ ቆመ። በርሜሉን አብረው አነሡ። እሷ እጇን እየጠረገች ወደ መኪናው ስትመለስ በቃኝ አለች። ሲሊኮኑን አስወጥታ በትንሽ ታስቀይረዋለች፤ ወይ ጨርሳ ታስወጣዋለች።

ለባለቤቷ ራት ላይ ነገረችው። ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው፤ ስለ ማቀዝቀዣ ከተነሣ ምላሱ አያርፍም።

"እንደፈለግሽ" አለ።

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"ያንቺ ሰውነት ነው። እንደፈለግሽ።"

አነጋገሩ ላይ ምንም ስህተት አልነበረም፤ የሚያበሽቀውም ይኸው ነው። ቢቃወማት ትጣላዋለች፣ ቢደግፋት ትደገፍበታለች። እሱ ግን እንደ ተዘጋ በር ቆሞ ሳህኑን ያጥባል።

ታላቅ እህቷ በተቃራኒው የሐሳብ ድሃ አይደለችም። ጸጉር ቤት አላት፤ ደንበኛዋን ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አስቀምጣ ታናሽዋን ወደ ጓሮው ሳበቻት።

"ሰው ለመጨመር ይሰለፋል፣ አንቺ ልትቀንሺ ነው? ያምሻል እንዴ?"

"አዎ፣ ያመኛል። እሱን እኮ ነው የምነግርሽ።"

"ትራስ ከወገብሽ ኋላ አድርጊ።" ትንሽ አሰበችና ድምጿን ቀነሰች። "ለመሆኑ ለአማትሽ ምን ልትያቸው ነው?"

 አማቷ አያውቁም። ያኔ ሌላ ከተማ ይኖሩ ስለነበር፣ ከወራት በኋላ ሲመጡ "ወልዳ አማረባት" ብለው አቅፈው ሳሟት። እውነቱን ለመናገር አፏን ስትከፍት እሳቸው ቀድመው ለጎረቤት አወሩ። ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጆቻቸው ጤንነት በተነሣ ቁጥር "ምን ይሆናሉ፣ እናታቸው ደረተ ሙሉ" ይላሉ።

"ታምሜ ነው በያቸው" አለች እህቷ።

"ምን ዓይነት በሽታ ነው ሌላውን ትቶ ጡት ብቻ የሚያከሳው?"

"እኔ ምን አውቄ። ብቻ አንድ ነገር ፈልጊ።"

አዲሷ ሐኪም ሴት ናት፤ ቁጥብ፣ እጇ ቀዝቃዛ። ከመረመረቻት በኋላ ወንበሯን ወደሷ አዞረች። ጨርሶ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ቆዳው ስለተለጠጠ ይወርዳል። በትንሽ መቀየር ይቻላል፤ ያኔ ቆዳውን ሰብስቦ መስፋት ሊያስፈልግ ይችላል፣ ጠባሳ ይተዋል። እንደነበረ መተውም ይቻላል።

"የትኛው ይሻለኛል?"

"የትኛውን ትፈልጊያለሽ?"

"እሱን ልጠይቅ እኮ ነው የመጣሁት" አለች አስተማሪዋ፤ ድምጿ ሳታስበው ከፍ አለ። "ለመጨመር ቢሆን ጡት መያዣዬ ውስጥ ካልሲ ወትፌ እሞክረዋለሁ። ለመቀነስ ምን አውጥቼ ልሞክር?"

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። "በሚቀጥለው ስትመጪ የድሮ ፎቶዎችሽን አምጪ። ግን እኔ አልመርጥልሽም። ባለፈው የተመረጠልሽ ነው እዚህ ያመጣሽ።"

እውነት ነው። እውነት መሆኑ ይበልጥ አናደዳት።

ባለቤቷ ውጭ እየጠበቃት ነበር። መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ሳታስር አፈጠጠችበት።

"አንድ ቃል ተናገር። አንዲት ቃል። እንደፈለግሽ እንዳትለኝ ብቻ።"

እሱ ቁልፉን እጁ ላይ ሲያገላብጥ ቆየ። "ያኔ ላስገባው ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝ አድርጊው አልኩሽ" አለ በመጨረሻ። "ከዚያ ትነቃለች በተባለው ሰዓት ሳትነቂ ቀረሽ። ነርሷ እየወጣች 'ትንሽ ይጠብቁ' ትለኛለች። እኔ እዚያ ኮሪደር ላይ፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው እያልኩ ነው የቆምኩት። ያን ቀን ሁለተኛ አፌን አልከፍትም አልኩ።"

ይህን ነግሯት አያውቅም። ከማደንዘዣው የዘገየችው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሷ ትዝም አይላትም።

"ታዲያ ፈርቼ ነው አትለኝም?"

"ፈርቼ ነው።"

"እንደሱ በለኝ እንግዲህ" አለችና ቀበቶዋን አሰረች። ንዴቷ ባይጠፋም በረድ አለ። ቤት እስኪደርሱ ድረስ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስለ ማደንዘዣው ምን ምን እንደሚጠይቁ ተነጋገሩ።

እሑድ አማቷ መጡ። ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ሲቀመጡ እንደ ልማዳቸው ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው አቃሰቱ። አስተማሪዋ ልጆቹን ወደ ውጭ አስወጣች። እህቷ ያቀበለቻትን ውሸት ሁሉ በልቧ ገልብጣ አየችው፤ ለማስታወስ እንኳ አድካሚ ነው።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው። ይሄ ደረቴ የራሴ አይደለም። በሕክምና ያስገባሁት ነው። አሁን ከብዶኝ አንዲት ሐኪም ጋ ላስቀንሰው ነው።"

አማቷ ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ወደ ደረቷ ወረደ፣ ተመልሶ ወደ ፊቷ ወጣ።

"ልጄ ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"እህትሽስ?"

"አዎ።"

"እንግዲህ ለሰፈሩ ስደሰኩር የኖርኩት እኔ ብቻዬን ነኛ።"

"ይቅርታ፣ እማማ። ልነግርዎት ብዬ—"

"ቆይ" አሉና የሹራባቸውን አንገት ወደ ጎን ሳብ አደረጉ። ትከሻቸው ላይ፣ ማንገቻው ባለበት፣ ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ መስመር ተሠርቷል። ቆዳው ጠቁሯል። "ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ደረጃ ስወጣ፣ ስጎነበስ፣ ስተኛ። እናቴ ፈጣሪ የሰጠሽ ነው፣ ቻዪው ትለኝ ነበር። እኔስ ተሰጥቶኝ ነው። አንቺ ፈልገሽ ነው የተሸከምሽው?"

አስተማሪዋ ጠጋ ብላ መስመሩን አየችው።

"ያቺ ሐኪም" አሉ አማቷ ሹራባቸውን እያስተካከሉ፣ "የራስንም ትቀንሳለች?"

አስተማሪዋ ያሰበችውን ሁሉ ረስታ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም፤ የምራቸውን ነበር። ሐኪሟ የጠየቀቻትን ፎቶም አብረው መረጡ። ከጋብቻዋ በፊት በአንዲት ቢጫ ሹራብ የተነሣችውን አማቷ አውጥተው "ይቺን ነው የማውቃት" አሉ፤ ለሐኪሟም የተወሰደው ያ ሆነ።

ሲሊኮኑ አንድ ቁጥር ዝቅ ባለ የተቀየረበት ቀዶ ሕክምና በሰላም አለቀ። ባለቤቷ ኮሪደሩ ላይ ሲንጎራደድ ዋለ፤ ስትነቃ ፊቱ ከሷ ይበልጥ ገርጥቶ ነበር። አማቷ ሊያስታምሟት መጥተው የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን ከላይ እስከ ታች ገለበጡት፤ ማንኪያ የት እንዳለ እስካሁን አይታወቅም። ፋሻው ሲፈታ ግራ ጡቷ ከቀኙ ጥቂት ከፍ ብሎ ታየ። "እብጠቱ ሲወርድ ይስተካከላል" አለች ሐኪሟ። አብዛኛው ተስተካከለ፣ ጥቂቱ ቀረ። ጠባሳውም ቀርቷል። ሥራ ስትመለስ ከተማሪዎቿ አንዱም ለውጡን ልብ አላለም። እህቷ ብቻ፣ ሁሉን እያወቀች፣ "ከስተሻል፣ ብዪ" አለቻት፤ እሷም እንደገና ለማስረዳት አቅም አላገኘችም።

ከወር በኋላ አማቷን ወደ ሐኪሟ ወሰደቻቸው። ሐኪሟ በእርጋታ መረመረቻቸው፣ ሊቀነስላቸው እንደሚችልም ነገረቻቸው፤ ግን መጀመሪያ የደም ግፊታቸው መውረድ አለበት።

"ጡቴን ልቀንስ ብመጣ ጨው ቀንሺ ትለኛለች" አሉ አማቷ መኪናው ውስጥ። "ጨው ቀንሺ፣ ቅባት ቀንሺ፣ ንዴት ቀንሺ። የመጣሁበትን ማን ይቀንስልኝ?"

"ግፊቱ ይወርዳል፣ እማማ። እኔ አብሬዎት እመላለሳለሁ።"

"ንዴት ቀንሺ። ልጅ ወልዶ ያሳደገ ሰው እንዴት አድርጎ ነው ንዴት የሚቀንሰው?"

እስከ ቤት ድረስ አላባሩም። አስተማሪዋ መሪውን ይዛ አዳመጠቻቸው። የሌላ ሰው ምሬት መስማት እንዲህ እንደሚያሳርፍ አታውቅም ነበር። በር ላይ ስታወርዳቸው፣ ሐኪሟ የሰጠችውን ቀጠሮ እንዳይረሱ ሁለቴ አስታወሰቻቸው።