አውሮፕላን ያስቆመ ገመድ

ሸህ አብዶ ዱዓውን ሲጀምሩ ቦርከና ወንዝ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ መዳፉን ወደ ሰማይ ዘረጋ። የሙሀመድኑር እጆች ብቻ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። በዚህ አገር በዱዓ ላይ እጅን መሰብሰብ በአደባባይ ከመሳደብ ይብሳል፤ «አሚን» ያላለ ሰው ክፉ ተመኝቷል ማለት ነው። ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። የእህቱ ባል ሙጂብ ፈገግ አለ።

ከራሳቸው በላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ከአውራ ጣት የወፈረ የብረት ገመድ ተወጥሯል፤ ሰው ማሻገሪያ የብረት ሣጥን ተንጠልጥሎበታል። ክረምቱ ድልድዩን ጠርጎ ከወሰደ ወዲህ የማዶ ሰው ከሚሴ ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይዞራል። ነጋዴው ሙጂብ ገመዱን ከጅቡቲ ጭኖ አመጣና ሕዝቡ መረቀው። ሙሀመድኑር አረብ አገር ሳለ ሳያስፈቅደው እህቱን ያገባ ሰው ነው፤ ሙሀመድኑርም ከተመለሰ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም።

ይህን ጣጣ ያመጣው ግን የራሱ ምላስ ነው። አረብ አገር ከሠራበት መርከብ መጠገኛ ተመልሶ ጫት ላይ በተቀመጠ ቁጥር ወሬው አንድ ነበር። አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ማለት ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ማረፊያ ሜዳ ነው፤ ሜዳው አጭር ስለሆነ ንድፉን ያወጡት ሰዎች ወለሉ ላይ የብረት ገመዶች ዘርግተዋል፤ የሚያርፈው አውሮፕላን በጅራቱ መንጠቆ አንዱን ሲይዝ በሁለት ሴኮንድ ቀጥ ይላል። «ገመዱን የምገጥመው እኔ ነበርኩ» ይላል። ከተማውም «ኢንጂነሩ» ብሎ ጠራው። ሙጂብም ጅቡቲ፣ ቁርጥራጭ ብረት መሸጫ ውስጥ፣ እንዲህ ያለ የመርከብ ገመድ ሲያገኝ ዓይኑን አላሸም።

ወሬው እንዳይበላሽበት የዘለለው ነገር ነበረ። እያንዳንዱ ገመድ ያስቆመው አውሮፕላን ይቆጠራል፤ መቶ ገደማ ሲሞላ አንድ ክር ባይበጠስበትም ወጥቶ በመለዋወጫ ይተካል። እሱ በሠራበት ግቢ፣ የወጣው ገመድ ጫፉ ቀይ ይቀባ ነበር። አሁን ምሰሶው ላይ በተጠመጠመው ጫፍ ቀዩ ይታየዋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«ገመዱ የተጣለ ነው» አለ ዱዓው እንዳበቃ። «ያ ቀይ ቀለም ምልክቱ ነው። ውስጡ ደክሟል፤ ሰው አይጫንበት።»

«አጂብ!» አለ ሙጂብ። «አውሮፕላን ያስቆማል ያልከን አንተ አይደለህ? እኔ ስሰቅለው ነው የደከመው? ያ ጀመዓ፣ ምቀኛን እዩት! ማንም እንዳይጠራጠር መጀመሪያ የምትሻገረው ሚስቴ ናት። ዘይና፣ ነይ!»

ዘይና ልጇን አዝላ ከሴቶቹ መሀል ወጣች። ወንድሟን ቀና ብላ አላየችውም።

 ለሙሀመድኑር የቀረው «ኢንጂነር» የሚለው ስም ብቻ ነበር፤ እሱንም ጣለው።

«እህቴ፣ ስሚኝ። ወላሂ፣ ኢንጂነር አልነበርኩም። ገመድ ገጥሜም አላውቅም። መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ የሚጣሉትን ቀይ የምቀባ ሠራተኛ ነበርኩ። ሰባት ዓመት ሥራዬ ይኸው ነው። ይሄን ቀለም አውቀዋለሁ።»

 ሳቅ ከዳር ተነሥቶ ሕዝቡን አዳረሰው።

«ቀለም ቀቢ! ሜ፣ ዝም በል እንግዲህ» አለ ሙጂብ። «ቀለም ቀቢ ስለ ብረት ምን ያውቃል?»

«ልጄ» አሉ ሸህ አብዶ በቁጣ፣ «ሦስት ዓመት ዋሽተኸን ዛሬ እንመንህ?»

ሙሀመድኑር አብሯት ሊሻገር ሮጦ አንድ እግሩን ሣጥኑ ውስጥ ከተተ። ሣጥኑ ዝቅ አለ፤ ገመዱ ከላይ ሲጥጥ አለ። የእሱ ክብደት በእሷ ላይ እንደሚጨመር ያን ጊዜ ገባውና እግሩን አወጣ።

«ፈራ!» ብለው ጮኹ።

ዘይና ሣጥኑ አጠገብ ቆመች። ወደ ኋላ ብትል ባሏን በሕዝብ ፊት ማዋረዷ ነው፤ ማታ የምትገባው እሱ ቤት ነው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው።

«ደጄን ሳትረግጥ ሦስት ዓመት፤ ዛሬ ነው እህትህ የሆንኩት?» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ምሕረት አልነበረም።

ከዚያ አንቀልባውን ፈታች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ሙጂብ።

 ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ሙሀመድኑር ደረት ላይ አደረገቻት። «ያዛት» አለችውና ሣጥኑ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ሙሀመድኑር የእህቱን ልጅ ታቅፎ አያውቅም፤ ስሟንም አያውቅም። ሙጂብ ሣጥኑን ከዳር የያዘውን መልቀቂያ ገመድ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በጠላቱ ክንድ ላይ ያለችውን ልጁን እያየ ቆመ። ሣጥኑን ከማዶ የሚጎትቱት ሰዎች «ልቀቀው! ምን ትጠብቃለህ?» እያሉ ይጮኻሉ።