የሚያድገው ሐዲድ

ጠዋት ጉሙ ሐዲዱን ውጦት ነበር። የድልድዩ ምሶሶዎች አናታቸው ብቻ ይታያል፤ እግር የሌላቸው፣ ጉሙ ላይ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ድልድዩን የነደፈችው መሐንዲስ በቤቷ መስኮት ስታያቸው፣ ሁለት ዓመት በወረቀት ላይ ያሳደገቻቸው ልጆቿ መሰሏት። ረፋዱ ላይ ክሬኑ የመንገዱን የብረት ተሸካሚዎች አንስቶ አናታቸው ላይ ያጋድምላቸዋል። ከዚያ በኋላ መኪናው በላይ፣ ባቡሩ በታች፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ያልፋል።

አባቷ ሶፋው ላይ ንድፉን ታቅፈው እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸዋል። አርባ ዓመት ሐዲዱን በእግራቸው እየተከተሉ፣ በመዶሻ እየመቱ ድምፁን ሲያዳምጡ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ሕልም አየሁ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ሐዲዱ እንደ ቡቃያ ቀስ እያለ ይወጣል። ባቡሩም አብሮት ከፍ፣ ከፍ... ኋላ ድልድይሽን በአናቱ ገጨው።»

«አባዬ ደግሞ! ሐዲድ ይበቅላል እንዴ?»

«ይበቅላል እንጂ! ጠጠሩ በደቀቀ ቁጥር አዲስ ከሥሩ እየሰገሰግን ስናነሳው ኖርን። ሥራ ስጀምር ሐዲዱ ላይ ስቆም የጣቢያው መድረክ ጉልበቴ ጋ ነበር፤ ጡረታ ስወጣ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ቀረ።»

ሳቋ ከንፈሯ ላይ ደረቀ። የሐዲዱን ከፍታ የወሰደችው ከምድር ባቡር ቢሮ ካርታ ነው፤ ካርታው ደግሞ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አፈሩን ለክታለች፣ ነፋሱን ለክታለች። ሐዲዱን ግን አልለካችውም። አጠገቡ ተወልዳ አድጋ፣ እንዴት አላውቀውም ትበል? አያችሁ፣ ሰው የሚስተው የሚያውቀውን ነው።

ሜትሯን ይዛ ወረደች። ሐዲዱ ካርታው ከሚለው በሠላሳ ሁለት ሳንቲሜትር ከፍ ብሏል። ከረጅሙ ባቡር አናት በላይ የተወችው ክፍተት ሃያ ብቻ ነበር።

«ክሬኑ ይቁም» አለች፤ አባቷ ያዩትንም ሕልም ለፎርማኑ ነገረችው።

ፎርማኑ ጠማማ ነገር ባየ ቁጥር አንገቱን ስለሚያዘነብል «ውሃ ልክ» ይሉታል። አሁንም አዘነበለ። «እንዴ እታለም! ክሬኑ ክንዱን ዘርግቶ፣ ሰዉ ተሰብስቦ፣ በአባትሽ ሕልም ልታስቆሚን?»

«በሜትር ነው የማስቆማችሁ። ና፣ ራስህ እየው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለአለቆቹም እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየ። «ጉድ እኮ ነው» አለ። «ሠላሳ ዓመት ጠማማ ስፈልግ፣ ቀጥ ብሎ የሚያድገው አመለጠኝ!»

ክሬኑ ክንዱን አጠፈ። የምሶሶዎቹን አናትና የመንገዱን መወጣጫ ከፍ ማድረግ አራት ወር ፈጀ። ቢሮ ውስጥ «ባለሕልሟ» የሚል ስም ወጣላት፤ ሰምታ እንዳልሰማች አለፈችው።

መንገዱ የተከፈተ ዕለትም ጉም ነበር። አባትና ልጅ ድልድዩ መሐል ቆሙ። ባቡሩ ከጉሙ ወጥቶ ከእግራቸው ሥር ገባ፤ ድልድዩ እንደሚያንጎራጉር ሰው እም... አለ፤ ምንም ሳይነካው አለፈ። አባትየው አሮጌ መዶሻቸውን ከኮታቸው አውጥተው የብረት መደገፊያውን ቀስ አድርገው መቱና ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

«ስንት ተረፈ?»

«ለባቡሩ ነው ለሐዲዱ?»

«ለሐዲዱ።»

«ሦስት ስንዝር፣ አባዬ።»

«እንግዲያ ይደግ» አሉና መዶሻውን አቀበሏት።