ከጥፍሩ ሥር

«ቀስ በል እንጂ፣ ትሰማሃለች!» አለች በቀለች።

ደጊቱ ሰምታለች። ከድንኳኑ ጀርባ፣ ንፍሮው ከሚቀቀልበት ጉልቻ አጠገብ የሚንሾካሾኩት ባልና ሚስት የራቁ መስሏቸው ነበር፤ በመካከላቸው ያለው ግን አንድ ሸራ ብቻ ነው። ምንጣፉ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ለቀስተኛው «እግዜር ያጥናሽ» ሲላት አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ጆሮዋ ግን ሸራው ላይ ነው።

«ያጠብሁት እኔ ነኝ» አለ የበቀለች ባል በዛብህ። የሟቹ የአጎት ልጅ ነው፤ ሬሳውን አጥበው ከገነዙት ወንዶችም አንዱ። «በሙቅ ውኃ፣ በሳሙና ፈተግሁት። ከጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁረት ንቅንቅ አላለም። አፈር ቢሆን ይለቅ ነበር። እኔም ድንች ቆፋሪ ነኝ፣ ጥፍሬ ይኸው።»

«ምን ልትል ነው?»

«መድኃኒት ሰጥተውታል ነው የምልሽ። ማታ በእግሩ የገባ ሰው ጧት በምኑ ይሞታል?»

በቀለች ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። «እኔም ያየሁት አለ። አፌን ይዤ ነው እንጂ። እንጅባራ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ካለው የቆርቆሮ አጥር በር ላይ፣ አንዲት የእስላም ልጅ ሻይ ስታጠጣው አይቻለሁ።»

«ሻይ መጠጣት ምን አለው?»

«ስታጠጣው ነው ያልሁህ! ብርጭቆውን እሷ ይዛ፣ እሱ አፉን ብቻ ከፍቶ። እንደ ሙሽራ!»

ደጊቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ለቀስተኞቹ ለባሏ ያለቀሰች መስሏቸው አብረዋት አነቡ።

ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ባሏ ይኸነው ፈረሱን ቦራን ሜዳ ላይ አስሮ፣ ኮቱን ለብሶ፣ «እንጅባራ ደርሼ ልምጣ» ይላታል። ገበያ ይሄዳል፤ ምንም ሳይገዛ ይመለሳል። ቤት ከመግባቱ በፊት ታች ወንዙ ዳር ቁጢጥ ብሎ እጁን በአሸዋ ሲያሽ ከደጅ ሆና ታየዋለች። ስድሳ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው፣ በፈረስ ጉግስ ስሙ ከዘንገና እስከ ጥሊሊ የታወቀ ሰው፣ እንደ ሌባ እጁን የሚያጥበው ምን ነክቶ ነው? አንድ ጊዜ ጋቢውን ስታጥብ ጫፉ ላይ የማይለቅ እድፍ አገኘች። አሸተተችው። ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው የሚሸትህ?»

«መኪና ተሳፍሬ ነው።»

«መኪና የሚሳፈር ሁሉ እንዲህ ይሸታል?»

«ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነዋ» ብሏት ሳቀ። የሚስቀው መልስ ሲያጣ ነው፤ ይህ አርባ ዓመት ያየችው ነገር ነው። ሴት ናት ብላ ደመደመች። ደምድማም ዝም አለች። ብትጠይቀው ይነግራታል ብላ ፈርታ ነው።

አሁን ደግሞ ይህ። ሴትየዋ መድኃኒት አጠጥታው ከሆነስ?

ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጇ ቤዛዊት እየሮጠች መጥታ ጆሮዋ ሥር ተደፋች። «እምዬ፣ አጎቴ የአያዬን ሽመል ከበሩ ኋላ አውጥቶ ይዞታል። ምን ሊያደርገው ነው?»

የደጊቱ አንድ ወንድ ልጅ አሸናፊ ነው፤ ጫግኒ እህል የሚነግድ፣ ቁጣው ከአፉ ቀድሞ እጁ ላይ የሚደርስ። አስጠራችው።

«የአባትህ ሽመል የት ነው?»

«እኔ ጋ ነው።»

«ለምን?»

«እማዬ፣ አንቺ ልቅሶሽን አልቅሺ።»

«የማለቅሰው ለአንድ ሰው ነው። ሁለተኛ አትጨምርብኝ።»

«ሰልስቱ ይውጣ» አለ፣ ዓይኑን ከእሷ አሽሽቶ። «ከዚያ ያን የቆርቆሮ አጥር ሄጄ አየዋለሁ። አባቴን ማን ምን እንዳጠጣው ይነግሩኛል።»

«ካልነገሩህስ?»

ደጊቱ የልጇን እጅ አየች። ሰፊ ነው፤ የአባቱ እጅ ነው። ይህ እጅ ሰው ላይ ሲያርፍ፣ እስር ቤት በር ላይ ስንቅ ይዛ ስትሰለፍ፣ ከዚያ ደግሞ የሟች ወገን ደም ሊመልስ ሲመጣ ታያት። የባሰው ግን እሷም ማመኗ ነበር። በሞተበት ዋዜማ፣ ሐሙስ ማታ፣ ይኸነው እራት አልቀመሰም። «ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ደረቴን ከበድ ብሎኛል» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ሻይ ነው ያለው። ከራሱ አፍ ነው የወጣው። ይህን ለአሸናፊ ብትነግረው የሰልስቱን መውጣት እንኳ አይጠብቅም። ዋጥ አደረገችው።

በሰልስቱ ዕለት፣ ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ለቀስተኛው ምሳ ሊበላ ሲሰናዳ፣ አንዲት ባጃጅ ደጁ ላይ ቆመች። ባርኔጣውን በእጁ የያዘ ጎልማሳና ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች ወጣት ወረዱ። ልጅቷ የስኳር ከረጢትና የብስኩት ካርቶን ይዛለች። ድንኳኑ ሳትደርስ ማልቀስ ጀመረች፤ እንደ ሩቅ ሰው ሳይሆን እንደ ዘመድ እየተንሰቀሰቀች።

«እሷ ናት!» አለች በቀለች፣ የደጊቱን ጉልበት ጨብጣ። «ሻይ የምታጠጣው! አወይ ድፍረት!»

ደጊቱ ቤዛዊትን ሳብ አደረገቻት። «ከዚያ ካርቶን አንዲት ፍርፋሪ አፍሽ እንዳትነካ። ወስደሽ ጓዳ አስቀምጪው፣ ማንም አይክፈተው።»

ከወንዶቹ አግዳሚ ወንበር አሸናፊ ተነሣ። ሽመሉን ይዟል።

ጎልማሳው ምንም አላስተዋለም። መጥቶ ደጊቱ ፊት በርከክ አለ። «እማማ ደጊቱ፣ ሙደሲር እባላለሁ። ይቺ እኅቴ አፊያ ናት። አላህ ያጥናዎ። አያ ይኸነው ለእኛ አባት ነበሩ።» ሁለት እጁን ዘረጋላት።

ልትጨብጠው አልፈለገችም። ግን አየችው። እስከ አንጓው ድረስ ታጥቦ፣ ታሽቶ የነጣ እጅ ነው። ከጥፍሮቹ ሥር ግን ጥቁር ነው። ድፍን ጥቁር።

እጁን ያዘችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የጋቢው ሽታ ነው።

«በዛብህ!» ብላ ተጣራች። «ና እስቲ ወዲህ። የባሌ ጥፍር ሥር ያየኸው ይሄን ነው?»

በዛብህ እያፈረ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ፤ በራሱ ጥፍር የሰውየውን ጥፍር ፋቅ ፋቅ አደረገ።

«ይሄው ነው» አለ። «ቁርጥ ይሄው።»

«ታዲያ ይሄ ሰው ሞቷል?»

በዛብህ ሙደሲርን ከላይ እስከ ታች አየው። «አልሞተም» አለ ቀስ ብሎ።

ሙደሲር ግራ ገብቶት ሁሉንም ተራ በተራ አየ። «የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው እኮ እማማ። ጋራዥ ነው ያለኝ። እዚያ የሠራ ሰው ሁሉ ጥፍሩ እንዲህ ነው።»

«ይኸነውን ጋራዥ ምን አገባው?»

«ይማሩ ነበር።»

«ምን?»

«ሞተር።»

ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው በሳል ሸፈነው። ይኸነውና ሞተር! ከመኪና ሲወርድ በሩን መክፈት የሚያቅተው ሰው!

«መጀመሪያ ሲመጡ» አለ ሙደሲር፣ «መኪናዋን እንደ ፈረስ ዞረው አይዋት። ኮፈኑን አንገቷ ነው ብለው መታ መታ አድርገው ‹ትኩሳት አለባት› አሉን። ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። በሳምንቱ ደግሞ ውኃ ይሙሉ ስላቸው በዘይቱ በኩል ሞሉት። አጥበን ለማድረቅ ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። በቃ ቀሩ ስል፣ በሐሙሱ መጡ። ያን የተሳሳቱበትን ክዳን በጣታቸው እየነኩ ‹ይሄ የዘይት፣ ያ የውኃ› ሲሉ ዋሉ።»

«ሻይስ?» አለች ደጊቱ፣ ዓይኗን አፊያ ላይ ተክላ። «ለምንድን ነው አንቺ ይዘሽ የምታጠጪው?»

አፊያ እንባዋን ጠረገች። «እጃቸው ዘይት ነዋ እማማ። ብርጭቆውን አላቆሽሽም ይላሉ። ለሁሉም እኔ ነኝ የማጠጣቸው፣ ይሄን ወንድሜንም።»

በቀለች መሬት መሬት አየች።

ለደጊቱ ግን አልተፈታላትም። «ለምን? ማን ሽማግሌ ነው ተነሥቶ ሞተር የሚማረው?»

«ባለፈው ክረምት እርስዎን የያዘች መኪና መንገድ ላይ ቆማ ነበር አሉኝ» አለ ሙደሲር።

ያን ቀን ዝናብ ነበር። ሆዷን እንደ ቢላ ቆርጧት፣ የጎረቤታቸው የአወቀ አሮጌ ላንድክሩዘር ወደ እንጅባራ ሐኪም ቤት ይዟት ሲሄድ፣ ዘንገና ዳገቱ ላይ አንዴ አስነጥሶ ቀጥ አለ። አወቀ ኮፈኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። ይኸነው ዝናቡ ውስጥ ቆሞ፣ እጁን የመኪናዋ ብረት ላይ አድርጎ ቀረ። ፈረስ ቢታመም ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ኋላ በቃሬዛ ተሸክመው አደረሷት። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እሷ በሕመሟ የተቆጣት መስሏት ነበር።

«‹ያን ቀን መኪናዋ ምን ሆና እንደቆመች አሳየኝ፣ ሌላ አልፈልግም› አሉኝ» አለ ሙደሲር። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «የመጨረሻው ሐሙስ... አብረውን መኪና ገፉ። ተው ብያቸው ነበር። ከዚያ ጎማ ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ያዙ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላቸው ‹ደጊቱ ትደነግጣለች› ብለው እምቢ አሉ። ባጃጅ ላይ አሳፈርኋቸው። ማስገደድ ነበረብኝ። ቀብሩ ላይ ፊቴን ማሳየት የፈራሁት ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ገደልኸው ማለት አይደል?» ሽመሉ ከአሸናፊ ትከሻ ከፍ አለ።

ደጊቱ የሙደሲርን እጅ አልለቀቀችም፤ እንዲያውም ወደ ጉያዋ ሳበችው። ልጇ ቢመታ እሷንም ነው የሚመታው።

«አባትህን ማን አስገድዶት ያውቃል?» አለችው። «አንተስ ጫግኒ ወስጄ ላስታምምህ ስትለው ስንት ጊዜ መጣልህ? ይሄ ሰውዬ ይሄን ሳይነግረን መቅረት ይችል ነበር። መጥቶ ነገረን። ሽመሉን ወደ ቦታው መልስ።»

አሸናፊ ቆመ። ሽመሉን እንደ አባቱ ብብቱ ሥር ሊያደርገው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ፊቱን አዞረና፣ ከመጣ ጀምሮ ያላለቀሰውን ሽመሉ ላይ ተደግፎ አለቀሰ።

ደጊቱ ከምንጣፉ ተነሣች። ሴቶቹ «ኧረ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ወዴት ነው?» አሉ። የአወቀ ላንድክሩዘር ለቀስተኞች አምጥቶ ደጅ ቆሟል።

«አሳየኝ» አለችው ሙደሲርን።

ኮፈኑን ከፈተላት። ውስጡ የብረትና የሽቦ ጫካ ነው። ሙደሲር አንዲት ቆብ የመሰለች ነገር አመለከታት። «ቱቦው አየር ሲስብ ናፍጣው አይደርስም፣ ሞተሩ ይቆማል። ይቺን በመዳፍ መጫን ነው። መጀመሪያ ትላላለች። አየሩ ወጥቶ ሲያልቅ ትጠነክራለች፤ ያኔ ይበቃል።»

«ይቺን ነው?» አለ አወቀ ከኋላቸው። «አይ እኔ! ይቺን አጥቼ ነው ያን ሁሉ ዝናብ...» ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ለምን አልነገረኝም?» ደጊቱ የጠየቀችው ሞተሩን ይመስል ነበር።

«መኪና ቆማ በእጄ አስነሥቼ አሳያታለሁ ይሉ ነበር። እስከዚያ እንዳትነግሩብኝ ብለው አስምለውናል።»

በቀኝ እጇ ነጠላዋን ሰብስባ ግራ መዳፏን ዘይት በለበሰችው ቆብ ላይ አሳረፈች። ተጫነች። ላላ አለ። ደገመች። ውስጡ የሆነ ነገር ተንሸራተተ። ዳገቱን፣ ዝናቡን፣ ቃል ያልተነፈሰውን ሰው እያየች ተጫነች፣ ተጫነች፤ ድንገት ከመዳፏ በታች ጠነከረ፣ እንቢ አላት።

«ይበቃል እማማ» አለ ሙደሲር።

ወደ ድንኳኑ ተመልሳ ተቀመጠች። ቤዛዊትን ጠርታ «ያን ብስኩት አምጪው፣ ለሰዉ አድይው» አለቻት። ምሳ ቀረበ። ቤዛዊት ማስታጠቢያውን ይዛ ተራ በተራ እያስታጠበች መጣች። ደጊቱ ቀኝ እጇን ዘረጋች፤ ታጠበች።

«ሌላውስ እምዬ? ጠቁሯል እኮ።»

ደጊቱ ግራ እጇን ጭብጥ አድርጋ ወደ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

«ይሄ ይቆይ» አለች።